ክፍተቱ ውስጥ ምን ይግባ?

ይኸውላችሁ፣ የዛሬው ትረካ ከጄኔቫ ይነሣል፣ ዙሪክ ደርሶ ይመለሳል፣ መዳረሻው ግን እኛው ቤት ነው። ዓመቱን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጠራላችሁ፤ ያዙልኝ።

ጄኔቫን በተባበሩት መንግሥታት አዳራሽና ከሐይቋ ወደ ሰማይ በሚወረወረው ውኃ የማያውቃት የለም። ለ ሊኞንን ግን እዚያ ካልኖሩ የሚያውቁት ጥቂቶች ናቸው። ከመሀል ከተማው በስተምዕራብ፣ ቬርኒዬ በሚባለው አካባቢ፣ የሮን ወንዝ እጥፍ ብሎ በሚዞርበት አፋፍ ላይ፣ 1,065 ሜትር የሚረዝም ሕንፃ ተዘርግቷል። ዦርዥ አዶር የተባሉ አርክቴክት መርተውት ከ1963 እስከ 1971 ተሠራ፤ ከ2,700 በላይ መኖሪያ ቤቶች አሉት። ከአንዱ ጫፍ ተነሥቶ በሌላው ጫፍ ያለ ጎረቤቱን ልጠይቅ ያለ ሰው ሩብ ሰዓት ያህል ሊሄድ ነው። ከየአገሩ የመጣ ሰው የሚኖርበት ሰፈር ነው፤ አበሻም አይጠፋበትም።

ታዲያላችሁ፣ ይህ ሕንፃ ፎቅ በፎቅ ላይ ሲጨምር፣ ብዙ ሳይርቅ ሜይሪን ላይ ባለው የአውሮፓ የኑክሌር ምርምር ማዕከል፣ በሰርን፣ ሌላ ነገር እየተሠራ ነበር። በ1968 ዦርዥ ሻርፓክ የተባሉ ፊዚክስ አዋቂ ቀጫጭን ሽቦዎች የተወጠሩበት በጋዝ የተሞላ ሣጥን ሠሩ። በሣጥኑ ውስጥ የምታልፍ ኢምንት ቅንጣት በየት በኩል እንዳለፈች ሽቦዎቹ በኤሌክትሪክ ምልክት ይናገራሉ። ሰውየው በ1992 የኖቤል ሽልማት ያገኙት በዚህ ሥራ ነው። መሣሪያው የተሠራው የቁስን ምሥጢር ለመመርመር እንጂ ለታመመ ሰው ታስቦ አልነበረም። ግን እዚያው ሰርን ውስጥ የነበሩት አላን ጄቨንስ ያንን መንገድ ተከትለው ከሰውነት የሚወጣ ጨረር የሚይዝ መሣሪያ ሠሩ፤ በ1977ም ከዴቪድ ታውንሴንድ ጋር ሆነው አንዲት አይጥ አስተኝተው በፔት ምስል አነሷት። ዛሬ በብዙ አገር የካንሰር ሐኪም ከሚያዘው ምርመራ ቀደምቶች አንዱ ያች አይጥ ናት።

ፔት ምንድነው ላላችሁኝ፣ ነገሩ እንዲህ ነው። ጨረር የሚያመነጭ ፍሎሪን የተያያዘበት ስኳር ለሕመምተኛው በደም ሥሩ ይሰጠዋል። አብዛኛው ካንሰር ስኳር ይስባል፤ ስለዚህ ስኳሩ እዚያ ይከማቻል። ከፍሎሪኑ የምትወጣው ፖዚትሮን ወዲያው ከኤሌክትሮን ጋር ተጋጭታ ሁለቱም ይጠፋሉ፤ በምትካቸው ሁለት ጨረሮች በተቃራኒ አቅጣጫ ይወረወራሉ። በሕመምተኛው ዙሪያ የተደረደሩት መመልከቻዎች ሁለቱን በአንድ ቅጽበት ከያዙ፣ ነገሩ የተፈጠረው በሁለቱ መመልከቻዎች መካከል ባለው መስመር ላይ አንድ ቦታ ነው ማለት ነው። እንዲህ ዓይነት መስመር በሚሊዮን ሲቆጠር ስኳሩ የት እንዳለ ይታወቃል። ፍሎሪኑ በየ110 ደቂቃው ግማሹ ስለሚጠፋ ቤተ ሙከራውም፣ ሐኪሙም፣ ሕመምተኛውም ከሰዓት ጋር ይሽቀዳደማሉ።

ችግሩ ምን መሰላችሁ? ፔት ስኳሩን ያሳያል እንጂ ሰውየውን አያሳይም። ደረት ላይ አንዲት ጥቁር ነጥብ ትታያለች፤ ሳንባ ውስጥ ትሁን፣ የጎድን አጥንት ላይ ትሁን፣ ከሳንባው ሥር ያለ ንፍፊት ላይ ትሁን መለየት ጭንቅ ነው። ሲቲ ስካን ደግሞ በተቃራኒው ነው። አጥንቱን፣ ሳንባውን፣ የደም ሥሩን ልቅም አድርጎ ይስላል፤ ነገር ግን ያበጠው ንፍፊት ካንሰር ይሁን ያለፈ ሕመም ጠባሳ አይናገርም። ሐኪሞች ሁለቱን ፊልም መብራት ላይ ጎን ለጎን ሰቅለው በዓይናቸውና በልባቸው ያገጣጥሙ ነበር። ልምድ ያለው ሐኪም ብዙውን ያገኘዋል፤ ቀዶ ሐኪም ግን ቢላ ይዞ በግምት አይገባም።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልግባ። ታውንሴንድ በ1979 ከሰርን ወጥተው ወደ ጄኔቫ ካንቶን ሆስፒታል ገቡ። እንደ 1990 ባለው ጊዜ ከአሜሪካዊው መሐንዲስ ከሮናልድ ነት ጋር ርካሽ የፔት መሣሪያ ይሠራሉ። ሙሉ ቀለበት መመልከቻ ውድ ስለነበረ ቀለበቱን ሁሉ አልሞሉትም፤ ትይዩ የቆሙ ሁለት ረድፎች ብቻ አድርገው በሕመምተኛው ዙሪያ እንዲሽከረከሩ አደረጓቸው። በሁለቱ ረድፎች መካከል ታዲያ ክፍት ቦታ ቀረ። አንድ ቀን ሩዲ ኤገሊ የሚባሉ የሆስፒታሉ የካንሰር ቀዶ ሐኪም መሣሪያውን ያዩና፣ በዚያ ክፍተት ውስጥ አንድ የሚረባ ነገር፣ ለምሳሌ ሲቲ ስካን፣ ለምን አታስገቡበትም ይላሉ። ቀዶ ሐኪሙ የሚያውቁት ምስል ሲቲ ነዋ! የፔቱ ነጠብጣብ ለእርሳቸው ብዙም ትርጉም አልነበረውም።

የፊዚክስ ሰዎቹ ነገሩን በቀልድ ሊያልፉት ይችሉ ነበር። አላለፉትም። ሲቲው ክፍተቱ ውስጥ እንደማይገባ ሲያውቁ እንኳ ሐሳቡን አልጣሉትም፤ ታውንሴንድ በ1993 ወደ ፒትስበርግ ይዘውት ሄዱ። በ1998 የመጀመሪያው ናሙና እዚያ ቆመ፤ አንድ አልጋ፣ አንድ ሽፋን፣ ከፊት ሲቲ ከኋላ ፔት። ሕመምተኛው ሳይነሣ ሁለቱንም ይጨርሳል። ታይም መጽሔት በ2000 የዓመቱ የሕክምና ፈጠራ አለው። እኔ ግን ክብሩን ስከፋፍል ለዚያ ለቀዶ ሐኪሙ ጥያቄ ትልቁን ድርሻ እሰጣለሁ፤ ፊዚክስ አዋቂ ጥሩ ምስል ይፈልጋል፣ ቀዶ ሐኪም «የት?» ብሎ ይጠይቃል።

ቀጥሎ ተራው የዙሪክ ነው። ለገበያ ከተሠሩት የፔት-ሲቲ መሣሪያዎች የመጀመሪያው በ2001 የገባው በጉስታቭ ፎን ሹልቴስ ይመራ በነበረው በዙሪክ ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል የኑክሌር ሕክምና ክፍል ነበር። ዙሪኮች እንደ ደስተኛ ገዢ መሣሪያውን ሲያወድሱ አልከረሙም፤ ይፈትኑት ጀመር። በ2003 ባወጡት ጥናት የሳንባ ካንሰር ደረጃ ሲለኩ፣ ሁለቱን ምስሎች ጎን ለጎን አድርጎ በዓይን ከማየት ይልቅ የተዋሐደው ምስል ከ49 ሕመምተኞች በ20ዎቹ ላይ ተጨማሪ ነገር ማሳየቱን አስመሰከሩ። ይህ ትንሽ አይደለም።

ግን እዚያው ዙሪክ ውስጥ ጉዱ ወጣ። ሲቲ ምስሉን በሰከንዶች ይጨርሳል፤ ሰውየው ትንፋሹን ዋጥ አድርጎ ይያዝ ቢባል ይይዛል። ፔት ግን ያኔ ሃያ ደቂቃም ከዚያም በላይ ይፈጅ ነበር፤ ማንም ሰው ትንፋሹን ለሃያ ደቂቃ አይዝም። እንግዲህ ሰውየው ሲተነፍስ ጉበቱና ከጉበቱ በላይ ያለው ድያፍራም ወደ ላይና ወደ ታች ይንቀሳቀሳሉ። ሲቲው በሙሉ ትንፋሽ ከተነሣና ፔቱ በተለመደው አተነፋፈስ ከተነሣ፣ የጉበት አናት ላይ ያለ ዕጢ በተዋሐደው ምስል ላይ ሳንባ ውስጥ ገብቶ ይታያል! የዙሪኮቹ ምክር ቀላል ነበር፤ ሲቲው ሲነሣ ሰውየው በተለመደ አተነፋፈስ ትንፋሹን አውጥቶ ያቆይ፣ ያኔ ሁለቱ ይበልጥ ይገጥማሉ። ሚሊዮን ፍራንክ የሚወጣበት መሣሪያ ስሕተት በአንድ «ተንፍስ» ሲቀንስ አያስደስትም?

ከሲቲ ሌላ ኤምአርአይም አለ። አንጎልን፣ ጅማትን፣ ጡትን፣ ለስላሳ ሥጋን በማሳየት ሲቲን ያስከነዳል፤ ጨረርም የለበትም። ፔትን ከኤምአርአይ ጋር ማጋባት ግን እሺ አላለም። የኤምአርአይ ማግኔት የፔቱን መመልከቻዎች ያውካል። ሁለቱ ከተሞች መላ ሲፈልጉ የየራሳቸውን ባሕርይ አሳዩ ልበል። ጄኔቫ ውስጥ ኦስማን ራቲብ ይመሩት የነበረው ክፍል በ2010 ያስገባው መሣሪያ ሁለቱን ክፍሎች በአንድ አዳራሽ ውስጥ አራርቆ ያቆማቸው ነበር፤ በመሀል ያለው አልጋ ሕመምተኛውን እንደተኛ ያዞርና ፊቱን ወደ ሌላው ይመልሰው ነበር። ዙሪክ ደግሞ ሕመምተኛውን በተሽከርካሪ አልጋ ላይ እንዳለ ከፔት-ሲቲ ክፍል ጎን ወዳለው የኤምአርአይ ክፍል ይገፋው ጀመር። ሁለቱም ጋ ዘዴው ሰውየውን ሳይነካኩ አልጋውን ማንቀሳቀስ ነበር። በኋላ ሁለቱን በአንድ ጊዜ የሚያነሣ መሣሪያም መጣ።

እስካሁን የነገርኋችሁ ሁሉ አልጋና ብረት የማገጣጠም ታሪክ ነው። ከዚህ በኋላ ያለው በኮምፒውተር ውስጥ የማገጣጠም ታሪክ ነው፤ የነርቭ መረብ የሚሉት ሰው ሠራሽ አስተውሎት የሚገባውም እዚህ ነው።

የመጀመሪያ ሥራው አጥንት መፈለግ ሆነ። ለምን? የፔት ጨረር ከሰውነት ሲወጣ በመንገዱ ላይ ሥጋና አጥንት ይቀንሱታል፤ ምን ያህል እንደቀነሱት ካልታወቀ የስኳሩ መጠን ይዛባል። ሲቲ ይህን ይነግራል፤ ለእያንዳንዷ ነጥብ ቁጥር አለው፣ ውኃ ዜሮ፣ አየር ከዜሮ በታች 1,000፣ ደንዳና አጥንት ከዜሮ በላይ ብዙ መቶ። ኤምአርአይ ግን የሚያዳምጠው የሃይድሮጅንን ምልክት ነው። የአጥንት ምልክት ሳይለካ ስለሚጠፋ አጥንቱ ጥቁር ሆኖ ይወጣል፤ አየርም ጥቁር ነው። ግንባርና አፍንጫ አካባቢ አጥንትና አየር ተጎራብተው ስለሚገኙ መሣሪያው አጥንቱን አየር ብሎ ካለፈው፣ ከራስ ቅሉ ሥር ያለው አንጎል ከእውነተኛው ያነሰ ስኳር እንዳለው ሆኖ ይሰላል። በጄኔቫ ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል የሐቢብ ዛይዲ ቡድን ሲቲም ኤምአርአይም የተነሡ ሰዎችን ምስል ጥንድ ጥንድ አድርጎ ለነርቭ መረብ አስጠና። መረቡ ኤምአርአዩን እያየ ሲቲው ምን ይመስል እንደነበር ይገምታል፤ ከእውነተኛው ሲቲ ጋር ይነጻጸራል፤ ሲሳሳት ውስጡ ያሉት ቁጥሮች በጥቂቱ ይስተካከላሉ፤ ደግሞ ይገምታል። ሺህ ጊዜ፣ መቶ ሺህ ጊዜ። በመጨረሻ ሲቲ ያልተነሣ ሰው ኤምአርአይ ሲሰጠው አጥንቱን ከአየሩ ለይቶ ይስላል። የቡድኑ የ2019 ጽሑፍ የዚህ ዓይነት ሥራ ነው።

ሁለተኛው ሥራ ዕጢውን ማክበብ ነው። የጉሮሮና የአንገት ካንሰር በጨረር የሚታከም ሰው ሐኪሙ የዕጢውን ዳር ዳር በእያንዳንዱ ቁራጭ ምስል ላይ በእጁ ያከብብለታል። አድካሚ ነው፤ ሐኪምና ሐኪምም አይስማሙም። እዚህ ቦታ ላይ ፔት ብቻውን ያሳስታል፤ ቶንሲልም ስኳር ይስባል፣ የተቆጣ ንፍፊትም ይስባል። ሲቲ ብቻውንም ያሳስታል፤ በብረት የተሞላ ጥርስ ካለ ከጥርሱ የሚፈነጥቀው ጭረት ምስሉን ያበላሸዋል። ስለዚህ ሁለቱ ተደራርበው ለመረቡ ይሰጣሉ። ከ2015 ጀምሮ የታወቀው ዩ-ኔት የተባለው አሠራር ምስሉን ደረጃ በደረጃ እያሳነሰ «እዚህ አካባቢ ምን አለ?» ይላል፤ ከዚያ መልሶ እያሳደገ «ዳሩ በትክክል የት ነው?» ይላል። ሁለቱን ምስሎች ከመጀመሪያው አንድ ላይ ማስገባት ይቻላል፤ ለየብቻ አስጠንቶ መጨረሻ ላይ ፍርዳቸውን ማስታረቅም ይቻላል። የትኛው ይሻላል የሚለው ክርክር እስካሁን አልተዘጋም።

ስዊዘርላንዶች ለዚህም መድረክ አዘጋጁ። በቫሌ ካንቶን ሲየር ከተማ ያለው የተግባር ሳይንስ ዩኒቨርሲቲ ከሎዛን ሆስፒታል ጋር ሆኖ በ2020 ሄክቶር የተባለ ውድድር ከፈተ፤ ከአምስት ሆስፒታሎች የተሰበሰበ የ254 ሰዎች ፔት-ሲቲ አቀረበ፣ ማንም መረብ ያለው ይምጣና ዕጢውን ያክብብ አለ። በ2022 ቁጥሩ ከዘጠኝ ሆስፒታሎች 883 ደረሰ፤ ዙሪክም ከሰጪዎቹ አንዱ ሆነ። በመጀመሪያው ዓመት ያሸነፈው መረብ ከሐኪሞቹ አከባበብ ጋር ያለው ስምምነት፣ ፍጹሙ 1 በሚሆንበት መለኪያ፣ 0.76 ያህል ነበር። ቀደም ሲል በሌላ ጥናት ሦስት ሐኪሞች እርስ በርሳቸው የተስማሙት ሲቲ ብቻ ሲያዩ 0.57፣ ፔትም ሲጨመርላቸው 0.69 ነበር። እንግዲህ ማሽኑ ሰውን በለጠ ብሎ የሚያስጨበጭብ አይጠፋም። እኔ አላጨበጭብም። ሕመምተኞቹ ሌሎች ናቸው፣ ሐኪሞቹም ሌሎች ናቸው፤ ከዚህ ቁጥር የማነበው አንድ ነገር ቢኖር፣ ሰውም ሆነ ማሽን ሁለቱን ምስሎች አንድ ላይ ሲያይ ዳሩን ይበልጥ እንደሚያገኝ ነው።

የሚያስፈራው ሌላ ነው። ያላየውን እንዲገምት የተማረ መሣሪያ የሌለውን ሊፈጥር ይችላል። በ2018 የካናዳ ተመራማሪዎች አንዱን የኤምአርአይ ዓይነት ወደ ሌላው የሚለውጥ መረብ ሆን ብለው በተዛባ ምሳሌ አስጠኑ፤ የተማረው ከጤነኞች ብቻ ሲሆን ከታመመው አንጎል ላይ ዕጢውን ደመሰሰው፣ የተማረው ከታመሙት ብቻ ሲሆን ጤነኛው አንጎል ላይ ዕጢ ጨመረ። ምስሉ ደግሞ ያምራል! ደብዘዝ ያለ ምስል ሐኪሙን ያስጠረጥረዋል፤ ያማረ ውሸት ግን ያስተኛዋል። ስለዚህ ከግምት የተሳለ ምስል ዕጢ አለ ወይም የለም ለማለት ምስክር ሆኖ ሊቀርብ አይገባም ባይ ነኝ። የጨረር ስሌት ለማረም ይሁን፣ ሐኪሙ የሚያርመው ረቂቅ ለማውጣት ይሁን፤ ይበቃዋል።

ወደ እኛ ላምጣው። በኢትዮጵያ አንገት ላይ ንፍፊት ያበጠበት ሰው ሲመጣ ሐኪሙ መጀመሪያ ከሚጠረጥራቸው አንዱ የንፍፊት ቲቢ ነው። ቲቢ ደግሞ ልክ እንደ ካንሰር ስኳር ይስባል፤ በፔት ላይ ያበራል። ከሎዛንና ከዙሪክ ሕመምተኞች የተማረ መረብ ቲቢ ያለበት አንገት እምብዛም አላየም። የኛን ሰው ምስል ቢሰጡት «ካንሰር ነው» ብሎ ሊያከብብ ይችላል፤ የሚያውቀው ያንን ነዋ። ጥፋቱ የመሣሪያው አይደለም፣ የትምህርት ቤቱ ነው። እንዲህ ያለ መሣሪያ ነገ ጥቁር አንበሳም ሆነ ሌላ ሆስፒታል ሲገባ፣ «በእኛ አገር ስንት ሰው ላይ ተፈትኗል?» ብሎ የሚጠይቅ ያስፈልጋል።

ጥያቄው የባለሙያ ብቻ አይደለም፤ የእናንተም ድርሻ አለበት። ስሙኝ። አዲስ አበባ ሲቲ ወይም ኤምአርአይ የተነሣ ሰው ትልቁን ፊልም በፖስታ ከትቶ ቤቱ ይገባል። ልጁ ፊልሙን መስኮት ላይ ይለጥፍና በስልክ ፎቶ ያነሣል፤ በቴሌግራም ለ ሊኞን ላለችው እኅቱ ይልካል፤ እሷም ለምታውቀው ሐኪም ታሳያለች። ሐኪሙ ምን ያያል? የመስኮቱን ብረት፣ የልጁን የጣት ጥላ፣ እንደ ቴምብር ያነሱ ሃያ ሥዕሎች። ፊልም ላይ የታተመው ከምስሉ ጥቂቱ ነው። እያንዳንዷ ነጥብ የነበራት ቁጥር ጠፍቷል፣ ቁራጮቹ በስንት ሚሊ ሜትር እንደተራራቁ አይነበብም፣ አብዛኞቹ ቁራጮች ጭራሽ አልታተሙም። ከእንዲህ ያለ ፎቶ ሰውም ሆነ የነርቭ መረብ ከሌላ ምስል ጋር ሊያገጣጥመው አይችልም።

መሣሪያው ያነሣው እውነተኛ ምስል ዳይኮም በሚባል ፋይል ይቀመጣል። በሲዲ ወይም በፍላሽ ይገለበጣል። ፋይሉን ለመክፈት ውድ ነገር አያስፈልግም፤ ቅድም ያነሣኋቸው ራቲብ ከአንቷን ሮሴ ጋር ሆነው ኦሲሪክስ የተባለውን ፕሮግራም በ2004 ለዓለም ሲያወጡ በነፃ ነበር የለቀቁት፣ ዛሬም በነፃ የሚገኙ ሌሎች አሉ። እንግዲህ አደራ፦ እናታችሁን፣ አባታችሁን፣ ወይም ራሳችሁን ሲቲም ሆነ ኤምአርአይ ስታስነሡ፣ ፊልሙን ብቻ ተቀብላችሁ እንዳትወጡ። «ዳይኮሙን በሲዲ ስጡኝ» በሉ፤ የተነሣበትን ቀን ጻፉበት፣ የቀድሞውንም አትጣሉ።